ዝናቡ ቆመ፣ እርጥበቱ ባሰ፦ በሲያትል የታሰረች የአንዲት ሸራ ጀልባ የጉዳይ ጥናት

## ለምን ተመዘገበ

የጀልባዋ ባለቤቶች በመጀመሪያው የብርድ ወቅት ዝናቡን ከካቢኑ ሙሉ በሙሉ አስቀሩት። ሻጋታው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ስህተት በሸራ ጀልባ ላይ በሚያድሩ ሰዎች ዘንድ በየዓመቱ ይደገማል፤ ዝናብ ሲመጣ ሁሉንም መዝጋት የማንም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ስለሆነ። ነገሩ የተስተካከለው በሁለተኛው ወቅት ነው። የተሠራው ምን እንደሆነ፣ በምን መጠን እንደሆነና የቱ እንዳልሠራ ከዚህ በታች ሰፍሯል።

## ጀልባዋና ቦታዋ

ጀልባዋ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራች፣ 8.2 ሜትር ርዝመትና 2.7 ሜትር ስፋት ያላት ባለ አንድ ምሰሶ የፋይበር ግላስ ጀልባ ናት። ካቢኗ 14 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ይይዛል። ከፊት ባለ ሦስት ማዕዘን መኝታ፣ መሐል ላይ ሁለት ረጃጅም መቀመጫዎችና ምድጃ፣ ከኋላ ደግሞ ከመሪው ወንበር ሥር ገብቶ የሚያልቅ ጠባብ መኝታ አላት። አየር የሚገባባት በሁለት ቦታ ብቻ ነበር። አንዱ ከፊት መኝታው በላይ ያለው 50 በ50 ሳ.ሜ. የጣሪያ መስኮት ነው። ሌላው ከኋላ ያለው የመውረጃ በር ነው፤ እሱም ከላይ በሚንሸራተት ክዳንና ከኋላ በኩል በጎድጎዳ ውስጥ በሚገቡ ሦስት ተነቃይ ሳንቃዎች ይዘጋል። የጎን መስኮቶቹ አይከፈቱም።

የታሰረችው በአሜሪካዋ ሲያትል፣ ፒውጀት ሳውንድ በተባለው የባሕር ወሽመጥ ዳር ነው። በዚያ ከተማ በዓመት የሚዘንበው 950 ሚ.ሜ. ገደማ ሲሆን ከአዲስ አበባ ያነሰ ነው፤ ይህን ሲሰማ ብዙ ሰው አያምንም። ልዩነቱ አዘናነቡ ላይ ነው። አዲስ አበባ ዶፉን ታወርደውና ፀሐይ ትወጣለች። ሲያትል ከኦክቶበር እስከ ማርች እኝኝ ሲል ይውላል፣ ሲያካፋ ያድራል፤ የረጠበ ነገር የሚደርቅበት ክፍተት የለም። በጃንዋሪ የአየሩ አማካይ ሙቀት ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን የባሕሩ ውሃ ደግሞ ከ8 እስከ 9 ዲግሪ ነው።

የጀልባዋ ፊት ወደ ሰሜን፣ ጀርባዋ ወደ ደቡብ ነው። በዚያ አካባቢ በብርድ ወራት ዝናብ ይዞ የሚመጣው ኃይለኛ ነፋስ በአብዛኛው ከደቡብ ስለሆነ ቀጥታ የመውረጃውን በር ያገኘዋል። ይህ አቀማመጥ በኋላ ብዙ ነገር ወስኗል።

ሁለት ሰዎች በሳምንት ሦስትና አራት ሌሊት ያድሩባታል።

## የመጀመሪያው መፍትሔና መዘዙ

ኦክቶበር ላይ ውሃ በሦስት ቦታ ይንጠባጠብ ነበር፦ በጣሪያው መስኮት ጠርዝ፣ በግራ በኩል ምሰሶውን የሚወጥረው ሽቦ ከጀልባዋ ጋር በተያያዘበት ብረት ሥርና በመውረጃው በር ሳንቃዎች መሐል። ባለቤቶቹ ከፊት እስከ ኋላ ትልቅ የፕላስቲክ ሸራ አልብሰው በገመድ ጥብቅ አድርገው አሰሯት። የጣሪያውን መስኮት በፕላስተር አሸጉ። ለማሞቂያ የምድጃውን ጋዝ ይጠቀሙ ነበር።

ጠብታው ቆመ። በዲሴምበር አጋማሽ ግን የመስኮቶቹ የአሉሚኒየም ፍሬሞች ሌሊቱን ሙሉ ያልባቸው ጀመር፤ የፊት ፍራሹ ከሥሩ ረጠበ፤ ልብስ የተቀመጠባቸው ሣጥኖች ሸተቱ፤ የኋላው መኝታ ግድግዳ ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ። የእርጥበት መለኪያው ጠዋት ጠዋት ከ85 በመቶ በላይ ያሳይ ነበር። ባለቤቶቹ ሌላ የሚያፈስ ቀዳዳ አለ ብለው ጥጋ ጥጉን እየፈለጉ ሲልኮን ቀቡ። አንዳች ለውጥ አልመጣም።

## የሚያፈሰውንና የሚያልበውን መለየት

በሁለተኛው ዓመት ሥራው የተጀመረው በመለየት ነው። የረጠበው ቦታ በጨርቅ ከደረቀ በኋላ አንድ መዳፍ የሚያህል ግልጽ ፕላስቲክ አራቱም ጠርዙ በፕላስተር ተጣብቆ ይታደራል። ጠዋት ውሃው ከፕላስቲኩ ሥር ከተገኘ ከውጭ ሰርጎ የገባ ነው። ከላዩ ከሆነ ከካቢኑ አየር የወጣ ጤዛ ነው። በዘጠኝ ቦታ ከተለጠፉት ስድስቱ ጤዛ ሆኑ። ያን ያህል ሲልኮን የተቀባው በአብዛኛው ለማያፈስ ቦታ ነበር ማለት ነው።

የሚያፈሱት ሦስቱ በውሃ ጎማ ተፈተሹ። አንዱ ሰው ከውስጥ መብራት ይዞ ይቀመጣል፣ ሌላው ከውጭ ውሃ ያፈሳል። ሥርዓቱ ከታች ወደ ላይ ነው። ከላይ ከተጀመረ ውሃው በሁሉም ላይ ስለሚወርድ የቱ እንደሚያፈስ አይታወቅም። አንድ ቦታ ላይ አምስት ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል፤ ጣሪያው ሁለት የፋይበር ግላስ ንጣፎች በመሐላቸው እንጨት ያለባቸው ስለሆነ ውሃው ገብቶ አንድ ሜትር ያህል ተጉዞ ሌላ ቦታ ሊወጣ ይችላል።

የጣሪያው መስኮት የተፈተሸው በወረቀት ነው። ቀጭን የወረቀት ቁራጭ በጎማ ጓርኒሲዮኑ ላይ አድርጎ ክዳኑን መዝጋትና ወረቀቱን መሳብ። ያለ ትግል ከወጣ ጓርኒሲዮኑ ተጨፍልቆ አልቋል። በዚህች ጀልባ በማጠፊያው በኩል ያለው ጎን በሙሉ ወረቀቱን ለቀቀ።

## የሚያፈሱትን መድፈን

ጓርኒሲዮኑ ተቀየረ፤ አንድ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። የድሮው ማጣበቂያ በደንብ ተፍቆ መነሳት አለበት። የአዲሱ መጋጠሚያም በማጠፊያው በኩል እንጂ በፊት በኩል መሆን የለበትም።

የሽቦው ብረት ግን ጊዜ ወሰደ። ብሎኖቹ ተፈቱ፣ ብረቱ ተነሳ፣ የድሮው ሲልኮን ተፋቀ። ሲልኮን ቀጭን ቅባት እንኳ ከተረፈ ሌላ ማሸጊያ አይዝበትም፤ ስለዚህ ከተፋቀ በኋላ በአሴቶን ሁለት ጊዜ ተጠርጓል። የብሎኖቹ ቀዳዳዎች ከብሎኑ በ5 ሚ.ሜ. በሰፋ ፑንታ ተበሱ፣ በመሐል ያለው የረጠበ እንጨት ተጠርጎ ለአንድ ሳምንት በማሞቂያ ደረቀ፣ ቀዳዳው በኤፖክሲ (ሲደርቅ በሚጠነክር ሙጫ) ተሞላ፣ ሲጠነክር በትክክለኛው መጠን እንደገና ተበሳ። ከዚህ በኋላ ብሎኑ የሚነካው ኤፖክሲን እንጂ እንጨትን አይደለም። ማሸጊያው ቢለቅ እንኳ ውሃው ጣሪያው ውስጥ አይሰራጭም።

ማሸጊያው 3 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው ቡቲል (እንደ ሊጥ የሚለጠጥ የጎማ ማሸጊያ) ነበር። የቀዳዳው አፍ በሰፊ ፑንታ በትንሹ ተጎድጉዶ ቡቲሉ በብሎኑ አንገት ዙሪያ ቀለበት እንዲሠራ ተደርጓል። ሲጠበቅ ብሎኑ በካቻቢቴ ተይዞ ከሥር ዳዶው ነው የሚዞረው፤ ብሎኑ ከዞረ ቀለበቱ ይቀደዳል። በአንድ ቀንም አይጠበቅም። ቡቲል በብርድ ስለሚጠነክር ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፤ በየቀኑ ሩብ ዙር እየተጨመረ በሦስተኛው ቀን ትርፉ በጠርዙ ሲወጣ በፕላስቲክ ቢላ ተቆረጠ። ቤንዚን የሚንጠባጠብበት ቦታ ላይ ቡቲል አይሆንም፤ ይሟሟል።

## የእርጥበቱ ሂሳብ

የተኛ ሰው በትንፋሹና በቆዳው በሰዓት 45 ግራም ያህል ውሃ ያወጣል። ሁለት ሰው ስምንት ሰዓት ሲተኛ ከ0.7 ሊትር በላይ ነው። ጋዝ ሲጨመርበት ነገሩ ይከፋል፦ አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲነድ 1.6 ኪሎ ውሃ ወደ አየሩ ይለቃል። ጭስ ማውጫ በሌለው ምድጃ ካቢን ማሞቅ ካቢኑን ማጠብ ነው፤ በተዘጋ ቦታ ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደሚገድል ሳይረሳ።

አሁን የውጭውን አየር እንይ። 6 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 90 በመቶ የሆነ (በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው ውሃ 90 በመቶውን የያዘ) አየር በአንድ ሜትር ኩብ 6.5 ግራም ውሃ ብቻ ይይዛል። ያው አየር ካቢን ገብቶ 18 ዲግሪ ሲሞቅ እርጥበቱ ወደ 42 በመቶ ይወርዳል። እየዘነበም ቢሆን የውጭው አየር ሲሞቅ ደረቅ አየር ነው። የሚያካፋ ሰማይ እያየ ይህን ለመቀበል የሚከብደው ሰው ብዙ ነው። ሳይሞቅ ግን አይሠራም፤ ካቢኑ 8 ዲግሪ ላይ ከቆመ ያው አየር 78 በመቶ ነው።

ግቡ ስንት መሆን አለበት? ባሕሩ 9 ዲግሪ ስለሆነ ከውሃ በታች ያለው የጀልባዋ ግድግዳ፣ በተለይ ከፍራሽና ከልብስ ጀርባ ያለው፣ ወደዚያው ይጠጋል። 18 ዲግሪ የሆነ አየር እርጥበቱ 60 በመቶ ከሆነ 10 ዲግሪ የሆነ ነገር ላይ ጤዛ ይጥላል፤ 55 በመቶ ከሆነ ከ9 ዲግሪ በታች ካልሆነ አይጥልም። ስለዚህ ግቡ 55 በመቶ ሆነ። በሰዓት 90 ግራም ውሃ እያስወጡ እዚያ ለመቆየት በሰዓት 45 ሜትር ኩብ አየር መቀየር አለበት። የካቢኑ አየር በሰዓት ከሦስት ጊዜ በላይ ይለወጥ ማለት ነው፤ ያውም በዶፍ ውስጥ።

## አየር አስገብቶ ውሃ የሚመልስ ሣጥን

ለዚህ የቆየ መፍትሔ አለ። እ.ኤ.አ. በ1931 አትላንቲክን ያቋረጠውን ውድድር ያሸነፈችው የጀልባ ነዳፊው የኦሊን ስቲቨንስ ጀልባ «ዶራድ» ትባል ነበር፤ ሣጥኑም እስካሁን በስሟ ይጠራል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ውጭ ባለው፣ እንደ ቀንድ በታጠፈው የአየር መቀበያ (ቀንድ) አፍ አየርና ውሃ አብረው ይገባሉ፤ ውሃው ሣጥኑ ወለል ላይ ወድቆ በማፍሰሻ ቀዳዳ ይወጣል፤ አየሩ ከወለሉ ከፍ ብሎ በቆመ ቱቦ ወደ ካቢኑ ይወርዳል።

በዚህች ጀልባ ሁለት ሣጥኖች ከምሰሶው ፊት በግራና በቀኝ ተገጠሙ። ከ12 ሚ.ሜ. የባሕር ኮምፔንሳቶ የተሠሩ ሲሆኑ የውስጥ ልካቸው 40 ሳ.ሜ. ርዝመት፣ 16 ሳ.ሜ. ስፋት፣ 14 ሳ.ሜ. ቁመት ነው። ቀንዱና ቱቦው ሁለቱም 10 ሳ.ሜ. ስፋት አላቸው፤ ተቃራኒ ጫፎች ላይ ናቸው። ቱቦው ከሣጥኑ ወለል 8 ሳ.ሜ. ከፍ ይላል። በመሐላቸው ከክዳኑ ወደ ታች የወረደ ሳንቃ አለ፤ ከወለሉ 5 ሳ.ሜ. ላይ ይቆማል።

እነዚህ ልኮች በግምት የመጡ አይደሉም። የ10 ሳ.ሜ. ቱቦ የአፉ ቆዳ ስፋት 78 ሳ.ሜ. ካሬ ነው፤ አየሩ በየትኛውም ቦታ ከዚያ በጠበበ መንገድ ማለፍ የለበትም። ከሳንቃው ሥር 16 በ5 ሲባዛ 80 ይሆናል፤ በቃ። ከቱቦው አናት እስከ ክዳኑ ያለው ክፍተት ቢያንስ የቱቦውን ስፋት ሩብ፣ ማለትም 2.5 ሳ.ሜ. መሆን አለበት፤ እዚህ 6 ነው። ብዙ ዝግጁ ሣጥኖች የሚደክሙት እዚህ ላይ ነው፤ ቀንዱ ትልቅ ይሆንና ውስጡ ይታነቃል።

የማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ መጀመሪያ 6 ሚ.ሜ. ተበስተው ነበር። ውሃው በቀዳዳው አፍ ላይ ጉልላት ሠርቶ ቆመ፣ አልወረደም። ወደ 14 ሚ.ሜ. ሲሰፉ ፈሰሰ። ቦታቸው ጀልባዋ ቆማ ሳለች የሣጥኑ ዝቅተኛ ማዕዘን ነው፤ በሁለቱም ጎን አንድ አንድ። ፍተሻው የውሃ ጎማን በቀንዱ አፍ ሁለት ደቂቃ መልቀቅ ነው፤ ከውስጥ ጠብታ ካልታየ አልፏል። የወባ ትንኝ መረብ ቱቦው አናት ላይ መግጠም ቢያምርም አየሩን ክፉኛ ይቀንሳል። በሲያትል በብርድ ወራት ትንኝ ስለሌለ ተነሳ።

በቀኙ ሣጥን ሥር፣ ከካቢኑ በኩል፣ 92 ሚ.ሜ. የኮምፒውተር ቬንትሌተር ተገጠመ፤ 12 ቮልት፣ 2 ዋት። ቀንና ሌሊት ቢዞር በ24 ሰዓት ከባትሪው 4 አምፒር ሰዓት ብቻ ይወስዳል። የሚነፍሰው ወደ ውጭ ነው። ወደ ውስጥ ቢነፍስ ቀዝቃዛው አየር በቀጥታ የተኛው ሰውና ፍራሹ ላይ ይወርዳል። ወደ ውጭ ሲነፍስ አዲሱ አየር ከኋላ ገብቶ መሐል ላይ ባለው ማሞቂያ አልፎ፣ ደርቆ፣ በመጨረሻ መኝታው ላይ ይደርሳል።

## የመውረጃው በር

አየሩ የሚገባው እዚህ ስለሆነ፣ ዝናቡም ቀጥታ የሚመታው እዚህ ስለሆነ፣ ሁለቱን የለየው የላይኛው ሳንቃ ነው። በአዲስ የ12 ሚ.ሜ. ኮምፔንሳቶ ተተካ። መሐሉ ላይ 30 በ8 ሳ.ሜ. ተከፍቶ ከውጭ ወደ ታች ያዘነበሉ ስስ ሳንቃዎች (ቅጠሎች) ተገጠሙለት። ቅጠሎቹ ብቻቸውን ካፊያን ይከላከላሉ፤ ከደቡብ በነፋስ የሚገፋ ዝናብን ግን አይችሉትም፤ በመጀመሪያው ማዕበል ደረጃው ረጠበ።

ስለዚህ ከጀርባው 6 ሳ.ሜ. ጥልቀት ያለው ሣጥን ተጨመረ። የሣጥኑ መውጫ ከውጭው ክፍተት አናት 10 ሳ.ሜ. ከፍ ብሎ ነው፤ ጠብታው ግድግዳ መትቶ ይወድቃል፣ አየሩ ብቻ ይወጣል። ወለሉ ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ ሁለት 14 ሚ.ሜ. ቀዳዳዎች አሉት። ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል ውሃ አልገባም።

ጥብቅ ብሎ የታሰረው ፕላስቲክ ተጣለ። በምትኩ ከምሰሶው እስከ ኋላ በተዘረጋው አግዳሚ እንጨት ላይ እንደ ድንኳን የሚያርፍ ሸራ ተሰፋ። ጠርዙ ከጀልባዋ ወለል 35 ሳ.ሜ. ከፍ ብሎ ከጎን ገመዶቹ ጋር ይታሰራል፤ በዚያ ክፍተት ነፋስ ያልፋል። ከደቡብ በኩል እስከ ወገብ የሚወርድ መጋረጃ ብቻ አለው። ይህ ድንኳን የሚሠራው አንድ ነገር ነው፦ ሰው የመውረጃውን በር ከፍቶ ሲገባና ሲወጣ ዝናቡን መያዝ።

## ያልሠሩት

በፀሐይ ብርሃን የሚዞረው ዝግጁ ቬንትሌተር መጀመሪያ የተሞከረው ነው። ባለ 10 ሳ.ሜ.ው በሰዓት 28 ሜትር ኩብ ያወጣል ተብሎ ይሸጣል። በጁላይ እውነት ይሆናል። ዲሴምበር ላይ የሲያትል ቀን ስምንት ሰዓት ተኩል ነው፣ ያውም ደመና፤ ባትሪው ሳይሞላ ይመሻል፣ ሌሊት ላይ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ይቆማል።

እርጥበት የሚመጥ ካልሲየም ክሎራይድ በየጥጉ ተቀምጦ ነበር። ክብደቱን ያህል ወይም እጥፉን ውሃ ይይዛል፤ ሁለት ሰው በአንድ ሌሊት የሚያወጣውን ለመያዝ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይጠይቃል። አየር የሚገባበት ካቢን ውስጥ ደግሞ ባሕሩን ለማድረቅ እንደ መሞከር ነው። አንዱ ሣሃን ተገልብጦ የመሣሪያ ሣጥን ብረቶችን አዝጓል። በጥብቅ የተዘጋ ትንሽ ቁም ሣጥን ውስጥ ብቻ ጥቅም አለው።

በጣሪያው መስኮት ላይ የተሰፋው ትንሽ የሸራ ኮፍያ፣ አፉ ወደ ኋላ የዞረ፣ በከፊል ሠራ። መልሕቅ ላይ ስትሆን ጀልባዋ ፊቷን ወደ ነፋሱ ታዞራለችና ዝናቡ ጀርባውን ይመታዋል። በወደቡ ታስራ ግን ነፋሱ ከኋላ ነው፤ አፉ ዝናቡን እንደ ማንኪያ ተቀበለ። በሁለቱም በኩል የሚገጠም ሆኖ እንደገና ተሰፋ፤ አሁን በወደብ ሲቆሙ አፉ ወደ ሰሜን ነው።

## አንድ ሙሉ የብርድ ወቅት ካለፈ በኋላ

በዘይት የተሞላ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በ600 ዋት ዝቅተኛ ደረጃ ሲሠራ፣ ሁለት ሰው ባደረበት ሌሊት መለኪያው ከ52 እስከ 58 በመቶ አሳየ። ፍራሹ 2 ሳ.ሜ. ክፍተት ባላቸው የእንጨት ርብራቦች ላይ ስለተነሳ ከሥሩ ደረቅ ነው። የአሉሚኒየም ፍሬሞቹ በጣም በሚቀዘቅዝ ሌሊት አሁንም ትንሽ ያልባቸዋል፤ ብረት ነውና ይህ ይቀራል ተብሎ አይጠበቅም። ማሞቂያው ሲጠፋ መለኪያው በአንድ ቀን ውስጥ ወደ 80 ይመለሳል። በሂሳቡ መሠረት የሚጠበቀውም ይኸው ነው።

የኋላው ጠባብ መኝታ አልተፈታም። አንድ አፍ ብቻ ያለው ቦታ ስለሆነ አየር አያልፍበትም፤ ጥቁሩ ነጠብጣብ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ከኋላው ግድግዳ ወደ መሪው ሣጥን ቀዳዳ መክፈት ይቻላል፤ ባለቤቶቹ ግን መዋቅር መቁረጥ ስላልፈለጉ ለዕቃ ብቻ ይጠቀሙበታል፤ አየር በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ቅርጫት እንጂ በጨርቅ ቦርሳ አይደለም።

## ለሌላ ጀልባ የሚተርፈው

የመግቢያና የመውጫ ቀዳዳዎች ተመጣጣኝ መሆን አለባቸው። ሁለት ትልልቅ መውጫዎች ገጥሞ በሩን መዝጋት የተለመደ ነገር ነው፤ አየር የሚገባበት ከሌለ የሚወጣ አይኖርም። በዚህች ጀልባ የመውረጃው ክፍተት 240 ሳ.ሜ. ካሬ ሆኖ ቅጠሎቹ ግማሹን ቢወስዱት እንኳ የአንዱን ሣጥን 78 ይበልጣል።

የማፍሰሻ ቀዳዳ ጠላት የዛፍ ቅጠል ነው። በወር አንድ ጊዜ በሽቦ መጥረግ፣ ከማዕበል በኋላም ማየት ያስፈልጋል። የተደፈነ ሣጥን ሞልቶ በቱቦው ሲገለበጥ ሣጥን ጭራሽ ካለመኖሩ የባሰ ነው። በማዕበል ለሚጓዝ ሰው ደግሞ ቀንዱን ነቅሎ ቀዳዳውን በክዳን መዝጋት የሚችልበት መንገድ ከመጀመሪያው መሠራት አለበት።

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከወደቡ በሚመጣ የመብራት ገመድ ሲሠራ መሰኪያው ከአንድ ሰዓት በኋላ በእጅ ይዳሰስ። ከሞቀ ጨው በልቶታል፤ ማሞቂያው ይጥፋና ሶኬቱ ይቀየር።

ሂሳቡ የሚሠራው ውጭው ከውስጡ ሲቀዘቅዝ ነው። በዱባይ ወይም በዶሃ በበጋ ጀልባ ላይ የሚሠራ ሰው ይህን ሁሉ ገልብጦ ማንበብ አለበት። እዚያ የውጭው አየር ጤዛ የሚጥልበት ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ25 ዲግሪ ያልፋል፤ አየር ማቀዝቀዣ 22 ዲግሪ ላይ ባደረሰው ካቢን ውስጥ የገባ የውጭ አየር ሁሉ በግድግዳው ላይ ውሃ ይሆናል። ማቀዝቀዣው በሚሠራበት ጊዜ ሣጥኖቹ ከውስጥ በክዳን ተዘግተው፣ ለሚተነፍሱት ሰዎች የሚበቃ ትንሽ ክፍተት ብቻ ይተዋል። ማቀዝቀዣው ጠፍቶ ጀልባዋ ባዶ ስትቀመጥ ክዳኖቹ እንደገና ይከፈታሉ።